ሻወር ቤቴን ከሻጋታ ያዳነልኝ ባለሙያ

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ያለው ቤታችን ለጣና ቅርብ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር የሻወር ቤቱ ኮርኒስ በሻጋታ ይጠቁር ነበር። መጀመሪያ የመጣው ሠራተኛ የአየር ማውጫ ፋኑን የ220 ቮልት ማብሪያ ማጥፊያ ሻወሩ ሥር ሊገጥመው ሲል፣ የልጆቼ እርጥብ እጅ ታወሰኝና አሰናበትኩት።

ሁለተኛው፣ ቀበሌ 14 ትንሽ ሱቅ ያለው ልጅ፣ ሥራ የሚያውቅ ነው። ግድግዳ ላይ ያለችው ቁልፍ ያለባት 12 ቮልት ብቻ ነው፤ እሷ ሪሌዩን (በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ታዛለች፣ የፋኑን 220 ቮልት የሚያገናኘው ሪሌዩ ነው። ሪሌዩም 12 ቮልቱን የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይም ኮሪደር ላይ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ናቸው። የ12 ቮልቱንና የ220 ቮልቱን ሽቦዎች በአንድ ቱቦ አላሳለፈም፤ «እትዬ፣ እነዚህ በፍጹም መነካካት የለባቸውም» አለኝ።

በሪሌዩ የሽቦ ጥቅል ላይ አንዲት ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ትንሽ ዕቃ) በስታኞ ሲበይድ አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ሪሌዩ ሲጠፋ ጥቅሉ መልሶ የሚረጨው ቮልቴጅ በታይመሩ (ደቂቃ ቆጣሪው) ውስጥ ሆኖ ሪሌዩን የሚነዳውን ትራንዚስተር እንዳያቃጥል ነው። ዋጋዋ ኢምንት ነው፤ ግን ስንቱ ይረሳታል!

ገላ ታጥበን ከወጣን በኋላ ፋኑ 15 ደቂቃ ሠርቶ ራሱ ይጠፋል። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ ደቂቃውን ለመቀየር ብሬከር አጥፍቶ ሳጥኑን መክፈት ግድ ነው፤ ለዚያም እሱኑ እጠራለሁ። ኮርኒሱን ቀለም ካስቀባሁት አንድ ክረምት አለፈ፣ እስካሁን ነጭ ነው።