ቦይለር ወይስ ኢንስታንት ሻወር? ባህር ዳር ላለ ቤት የቱን ልግዛ ለምትሉ

ባህር ዳር 1800 ሜትር ከፍታ አካባቢ ናት፣ ቤት ማሞቂያ የሚያስብ ሰው የለም፣ ግን ታኅሣሥ ላይ ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ ልትታጠቡ ስትገቡ ነው ነገሩ የሚገባችሁ። ሱቅ ስትሄዱ ሁሉም የሚነግራችሁ ዋጋውን ነው፣ እኔ ግን ቀድማችሁ አስቡበት የምለው ሲበላሽ የቱን ራሴ እጠግነዋለሁ የሚለውን ነው ምክንያቱም ሁለቱም መበላሸታቸው አይቀርም፣ ባለሙያ ጠርታችሁ ደግሞ ነገ እመጣለሁ እያለ ስንት ቀን እንደሚያስጠብቃችሁ ታውቁታላችሁ።

ቦይለር ያው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ባለ 30፣ 50 ወይ 80 ሊትሩ ነው። አብዛኛው 1500 ዋት ስለሆነ 7 አምፒር ገደማ ነው የሚስበው፣ 2.5 ካሬ ሽቦ ያለምንም ችግር ይችለዋል። ኢንስታንት ታንከር የለውም፣ ውሃው እያለፈ ነው የሚያሞቀው፣ ስለዚህ ከ3500 እስከ 5500 ዋት ይፈልጋል። 5500ው በ220 ቮልት 25 አምፒር ነው በሉ፣ ከቆጣሪው ለብቻው የተሳበ ቢያንስ 4 ካሬ፣ ቤቱ ሰፊ ከሆነ 6 ካሬ ሽቦ እና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። አንዳንዱ ሰው ዝም ብሎ ካለው ሶኬት ላይ ይሰካዋል፣ ከዛ ሶኬቱ ቀልጦ ሲሸት እቃው ፎርጅድ ነው ይላል። ኧረ ሽቦው ነው! እናታችሁ ምጣድ እየጋገሩ እናንተ ሻወር ከገባችሁማ ብሬከሩ ይወርዳል፣ እንጀራውም ይበላሻል፣ ከዛ በኋላ ያለውን እናንተው ታውቃላችሁ።

አሁን ዋናው ጉዳይ ቮልቴጅ ነው። ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ከጎናችን እያለ እንዲ መሆኑ ያስቃል ግን ማታ ማታ ሰው ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲሰካ መብራቱ ሲደበዝዝ ታዩታላችሁ። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 150 ቢወርድ የማሞቂያው ጉልበት በሲሶ አደለም የሚቀንሰው፣ ከግማሽ በታች ነው የሚሆነው። ኢንስታንት ላይ ሲሰላ፣ 4500 ዋቱ በደቂቃ 3 ሊትር እያሳለፈ ውሃው ከነበረበት ላይ 21 ዲግሪ ገደማ ይጨምርለታል፣ ቮልቴጁ ሲወርድ ግን ጭማሪው 10 ዲግሪ ብቻ ይሆናል፣ ለብ ያለ ውሃ ላይ ቆማችሁ ትንቀጠቀጣላችሁ። ቦይለር ግን ምን ይሆናል፣ በቃ ይዘገያል። 50 ሊትር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 1500 ዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈልጋል፣ መብራት ቢዳከም ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል እንጂ ሙቅ ውሃ አይነሳችሁም። ጠዋት አሙቃችሁት መብራት ቢጠፋ እንኳን ውስጡ ፎም ስላለው ለብዙ ሰዓት ይዞ ይቆያል።

ሁለተኛው የውሃ ግፊት ነው፣ ይሄን ሻጭ አይነግራችሁም። ሮቶ ጣራ ላይ ሰቅላችሁ ያለ ፓምፕ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ሜትር ከፍታ 0.1 ባር ብቻ ነው የሚሰጠው። ኢንስታንት ግፊት ካላገኘ እንዳይበራ የሚያረግ ስዊች ስላለው ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሮቶ ብዙዎቹን አያስነሳቸውም፣ ሰው ግን ተበላሸ ብሎ ይፈታዋል።

ጥገና ላይ እንምጣ። መጀመሪያ ብሬከር አጥፉ፣ ከዛ መጥፋቱን በቴስተር አረጋግጡ፣ ይሄን የማታረጉ ከሆነ አትንኩት። ቦይለሩ ቀዝቃዛ ከሆነ አብዛኞቹ ላይ ከስር ያለውን ክዳን ፈታችሁ ስታወርዱት ቴርሞስታቱ (ሙቀቱን የሚቆጣጠረው) ላይ ትንሽ ቁልፍ ታገኛላችሁ፣ በጠባብ እስክሪብቶ ጫፍ ስትጫኑት ቀጭ ካለ ከመጠን በላይ ሞቆ ራሱን ዘግቶ ነበር ማለት ነው፣ ክዳኑን መልሳችሁ አብሩት። ደጋግሞ ከዘጋ ግን እየተጫናችሁ አትቀጥሉ፣ ወይ ቴርሞስታቱ ሞቷል ወይ ኤለመንቱ፣ ውሃውን የሚያሞቀው ብረት፣ ነጭ ቅርፊት ለብሷል። ኤለመንቱን ከሽቦው ነቅላችሁ ኦም በሚለካ ቴስተር (መልቲሜትር) ለኩት፣ 1500 ዋት ከሆነ 32 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት፣ ምንም ካላሳየ ተቃጥሏል፣ ውሃውን ዘግታችሁ ታንከሩን ባዶ አርጋችሁ ቀይሩት። ስትቀይሩ ጎሚኒውንም አብራችሁ ቀይሩ፣ ማግኒዥየም ዘንጉንም እዛው እዩት ካለቀ ታንከሩ ይዝጋል። መልሳችሁ ከማብራታችሁ በፊት የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪመጣ ጠብቁ፣ ባዶ ታንከር ላይ የበራ ኤለመንት ወዲያው ነው የሚቃጠለው። ትርፍ ግፊት የሚያስወጣው ሴፍቲ ቫልቭ ሲሞቅ ጠብ ጠብ ማለቱ ጤናማ ነው፣ በምንም ነገር እንዳትደፍኑት። ታንከሩ ራሱ ካፈሰሰ ግን ብየዳ ምናምን አትድከሙ፣ አብቅቷል።

ኢንስታንት ላይ እናንተ የምትሰሩት ትንሽ ነው። መግቢያው ላይ ያለችው ወንፊት፣ ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ቀይ ደለል ይደፍናታል፣ አውጥታችሁ ማጠብ ነው። ራሱ ሻወር ጭንቅላት የሆነው ፕላስቲኩ ኤለመንቱ ይቀየራል፣ ሳጥን የሚመስለው ግን ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፣ ከፍቶ መጠገን አይመችም።

ሁለቱም ላይ ግራውንድ (የመሬት ሽቦ) ግዴታ ነው። ቤታችሁ ግራውንድ ከሌለው መጀመሪያ እሱን አሰሩ፣ ከተቻለ የሊኬጅ ብሬከርም (ኤሌክትሪክ ወደ ውጪ ሲያፈስ ራሱ የሚያጠፋውን) ጨምሩ። ውሃው ትንሽ እንኳን ከነዘራችሁ ወጥታችሁ ብሬከር አጥፉ፣ ነገ አየዋለሁ የሚባል ነገር አደለም።

እንግዲህ የራሳችሁ ቤት ከሆነ፣ አባይ ማዶም ይሁን ሽምብጥ፣ ቦይለር ግዙ፣ ለቤተሰብ 50 ሊትር፣ ለአንድ ሁለት ሰው 30 ይበቃል። ተከራይ ከሆናችሁና ፓምፕ፣ ለብቻው የተሳበ መስመርና ግራውንድ ካለ ኢንስታንት ይሄዳል፣ ስትለቁ ነቅላችሁ ትወስዱታላችሁ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ተዉት። ሶላር ጥሩ ነው፣ በበጋ ፀሐይ አይጠፋም፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ደመናው አይለቅም፣ መነሻ ወጪውም ከበድ ይላል። ባልዲ ውስጥ የሚገባውን ሽቦ ግን ልጅ ያለበት ቤት አታስገቡ።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን የዚህ እቃ ኤለመንትና ቴርሞስታት ለብቻው አለ ወይ በሉት፣ ካለ አውጥቶ ያሳያችሁ፣ የለም ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ።