ሱሉልታ መንገድ ላይ፦ ጎልፍ ወይስ ማስታንግ?

ወረቀት ላይ ከሄድን ፉክክር የለም። እ.ኤ.አ. የ2015 ሞዴል ፎርድ ማስታንግ ጂቲ ባለ 5.0 ሊትር ቪ8 (ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ነው፤ 435 የፈረስ ጉልበት አለው። ሰባተኛው ትውልድ ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ በ2.0 ሊትር ተርቦ ሞተር 220 ያህል ነው ያለው። ከዜሮ እስከ 100 ኪ.ሜ. በሰዓት ለመድረስ ጎልፉ 6.5 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ማስታንጉ ከ5 በታች።

ግን እኛ የምንነዳው ባሕር ዳርቻ አይደለም። እንጦጦን ተሻግረህ ሱሉልታ ስትደርስ ከ2,500 ሜትር በላይ ነህ። አየሩ ስስ ነው። እንደ ማስታንጉ ተርቦ የሌለው ሞተር ያገኘውን አየር ብቻ ይስባል፣ ስለዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። 435 የነበረው ወደ 325 ወረደ ማለት ነው። ተርቦ ግን በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየሩን አምቆ ያስገባል። እሱም ትንሽ ይጎዳል፣ ግን ያን ያህል አይደለም።

ሁለቱንም ነድቻለሁ። ጎልፉን ስትረግጠው መጀመሪያ ያመነታል። አንድ፣ ሁለት ብለህ ሳትጨርስ ተርቦው ይነሳና ከወንበሩ ጋር ያጣብቅሃል። ማስታንጉ ወዲያው ነው የሚመልሰው፤ መሪው በእጅህ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይሰማሃል። በክረምት እርጥብ አስፋልት ላይ ግን የኋላ ጎማው ቶሎ ይሸሻል፣ እግርህን ቀለል ማድረግ አለብህ።

ማስታንጉ እዚህም ይቀድማል፣ ልዩነቱ ግን በጣም ይጠባል። ጭነት ያዘለ አይሱዙ ዳገት ላይ ለመቅደም እኔ ጎልፉን እመርጣለሁ። ወደ አዳማ ስንወርድ ከፍታው ወደ 1,600 ሜትር ይቀንሳል፤ እዚያ ማስታንጉ ትንፋሹ ይመለስለታል።