ለኸርኒያ ቃር የቱን ልግዛ? ከአንታሲድ እስከ ሽብልቅ ትራስ

የጫማ ክር ለማሰር ጎንበስ ስትሉ ጎምዛዛ ውሃ ጉሮሯችሁ ድረስ ሽቅብ ይላል? ሐኪም በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) አይቶ «ሃያተስ ኸርኒያ ነው» ካላችሁ፣ ፋርማሲ ከመግባታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

የምግብ ቧንቧ ከጨጓራ በሚገናኝበት ቦታ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቀለበት ጡንቻ አለ። ስንውጥ ይከፈታል፣ ምግቡ ሲያልፍ ይዘጋል። ግን ብቻውን አይደለም። ቧንቧው ደረትን ከሆድ በሚለየው ጡንቻ፣ በድያፍራም፣ ቀዳዳ ሲያልፍ ድያፍራሙም ዙሪያውን ጨበጥ ያደርገዋል። ስናስል ወይም ከባድ ዕቃ ስናነሳ ጭብጡ ይጠብቃል። ባለ ሁለት ቁልፍ በር በሉት።

ሃያተስ ኸርኒያ የጨጓራው የላይኛው ክፍል በዚያ ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ደረት ሲወጣ ነው። ብዙውን ጊዜ ቀለበቱም አብሮ ይወጣል፣ ድያፍራሙ ግን እዚያው ይቀራል። ሁለቱ ቁልፎች ተለያዩ ማለት ነው። እርግጥ ኸርኒያ ኖሮት ቃር የማያውቀው ሰው ሞልቷል። ኸርኒያ ሳይኖረውም የሚቃጠል አለ። ዋናው ነገር፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ የአሲዱ መብዛት ሳይሆን የበሩ መላላት ነው። ከታች ያሉት መድኃኒቶችና ትራሶች ደግሞ በሩን አይጠግኑም።

አንታሲድ ጨጓራ ውስጥ ያለውን አሲድ ያከሽፋል። በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል፣ በባዶ ሆድ ከተወሰደ ግን ከ1 ሰዓት ብዙም አያልፍ። አልፎ አልፎ ለሚመጣ ቃር ይበቃል። ማግኒዥየም ያለበት ሆድ ያላላል፣ አሉሚኒየም ያለበት ያደርቃል። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ አይከፋም።

አልጂኔት ከባሕር አረም የሚሠራ ነው። ለኸርኒያ ሰው ከምግብ በኋላ እኔ የማደላው ለዚህ ነው። ከበላን በኋላ አዲስ የመነጨው አሲድ ከምግቡ በላይ ይንሳፈፋል። ኸርኒያ ካለ ይህ የአሲድ ኩሬ ከድያፍራም በላይ፣ ልክ ከቀለበቱ ሥር ሊቀመጥ ይችላል። አልጂኔት አሲድ ሲያገኝ እንደ ዝልግልግ አረፋ ይሆንና ኩሬውን ከላይ ይከድነዋል። ስለዚህ ከምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት ይወሰዳል፤ ወዲያው ውሃ አትጨምሩበት። ሶዲየም ስላለው ደም ግፊት ያለበት ሰው ይጠይቅ።

ፋሞቲዲን ጨጓራ የሚያመነጨውን አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ነው፤ በ1 ሰዓት ገደማ ይጀምርና እስከ 10 ወይም 12 ሰዓት ይቆያል። ማታ ለሚብስበት ሰው ጥሩ ነው። ግን በየቀኑ ከወሰዳችሁት በሳምንት በሁለት ሳምንት ሰውነት ይለምደዋል።

ኦሜፕራዞልም አሲድ ቀናሽ ነው፣ ከሁሉም ይበረታል። ቧንቧው ቆስሎ ከሆነ ምርጫው እሱ ነው። ችግሩ አወሳሰዱ ላይ ነው። ብዙ ሰው ሲያቃጥለው ይውጠውና «አልሠራልኝም» ይላል። ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ነው የሚወሰደው፤ ሙሉ ኃይሉም የሚታየው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ሌላም ነገር አለ። ማቃጠሉ ጠፍቶ ፈሳሹ አሁንም ሊመለስ ይችላል፣ ምክንያቱም አሲዱ ቀነሰ እንጂ በሩ አልተዘጋም። ለወራት ከወሰዳችሁት በኋላ በአንዴ ብታቋርጡት ቃሩ ብሶ ሊመለስ ስለሚችል ከሐኪም ጋር ቀስ በቀስ አቁሙ።

ለሌሊት ደግሞ ትራስ። ሦስት ተራ ትራስ መደራረብ አይረዳም፤ አንገትና ወገብ ያጥፍና ሆድን ይጫናል። ከወገብ በላይ ያለውን የሚያነሳ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሽብልቅ ትራስ ይሻላል። ስፖንጁ ጠንካራ ይሁን፤ ለስላሳው በሳምንት ይሟሽሻል። በእንቅልፍ ልብ ወደ ታች ለሚንሸራተት ሰው የአልጋውን ራስጌ እግሮች በማንሻ ከፍ ማድረግ ይመረጣል። አብሯችሁ የሚተኛውም ግን ተዳፋት ላይ ማደሩ ነው፣ ቀድማችሁ አስፈቅዱ። በግራ ጎን መተኛት ደግሞ በነጻ ነው።

ምግብ የሚያንቃችሁ፣ ደም የሚያስመልሳችሁ፣ ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወይም ያለ ምክንያት የከሳችሁ ከሆነ ግን ምንም አትግዙ፤ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ የደረት ሕመም ደግሞ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። በሩን ራሱን የሚያጠብቀው ቀዶ ሕክምና ነው፤ የወጣው ጨጓራ ወደ ታች ይመለሳል፣ ቀዳዳው ይጠባል፣ የጨጓራው አናት በቧንቧው ዙሪያ ይጠመጠማል። ከዚያ በፊት የቧንቧው የመግፋት አቅም በማኖሜትሪ መለካቱን ጠይቁ፤ ደካማ ቧንቧ ላይ በጣም የጠበቀ በር ምግብ አላሳልፍ ይላል።