ሰያፍ መሮዬ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ይህን መሮ ልጥለው ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ነበር። አሁን በገዛሁበት እጥፍ ቢጠይቁኝም አልሸጠውም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በቶርኖ፣ እንጨት እያሽከረከረ በሚያስቀርጽ ማሽን፣ የበርጩማ እግርና ዘነዘና እሠራለሁ። 25 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ሰያፍ መሮ መርካቶ ስገዛ ሻጩ «ይኼን ከያዝክ የብርጭቆ ወረቀት አያስፈልግህም» አለኝ። አልዋሸኝም፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገረኝ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የዋንዛ እግር ሊያልቅልኝ ጥቂት ሲቀረው መሮው «ጧ!» አለና እንደ ብሎን ጥርስ የተጠማዘዘ ቦይ ቆፈረበት። ክርኔ ድረስ ነዘረኝ። በማግስቱም እንደዚያው፣ ሌላ እግር።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የመሮው አፍ ገደድ ተደርጎ ስለሚቆረጥ አንዱ ጫፍ ረጅም፣ ሌላው አጭር ነው። እንጨቱ ሲዞር ከላይ ወደ ታች ይመጣል። መቁረጥ ያለበት ከአፉ መካከል ወደ አጭሩ ጫፍ ዝቅ ያለው ቦታ ነው፤ የተሳለው ገጽም እንጨቱ ላይ ተደግፎ መንሸራተት አለበት። ረጅሙ ጫፍ ከነካ ከሥሩ ደጋፊ የለውም፤ እንጨቱ ነክሶ ይዞት ይወርዳል። ታዲያ ወንድሜ ሻጩ፣ ይኼን ለመናገር ስንት ደቂቃ ይፈጅብህ ነበር?

ሌላም አለ። የመሮው ጎን ጠርዝ ከፋብሪካ ሲመጣ ስለት ነበር፤ መሮውን የማስደግፍበት የቶርኖው ብረት ላይ እየተሰነቀረ እጄን ያስቆመኛል። በግራይንደር አድቦለቦልኩት፣ አፉን ደግሞ በመሳያ ድንጋይ ፀጉር እስኪላጭ ሳልኩት። ከዚያ በርካሽ ባህር ዛፍ ላይ ሁለት ሳምንት ተለማመድኩ። ዋንዛ ማበላሸት ያሳዝናል፤ እንጨቱ ውድ ነው።

አንድ ቀን ማታ ድምፁ ተለወጠ። መንገጫገጩ ቀርቶ «ሽሽሽ» ይል ጀመር፤ ፍቅፋቂው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ፣ ሳይበጠስ በአንጓዬ ላይ እየተጠቀለለ ወረደ። እጀታውን ያለ ጭንቀት ለቀቅ አድርጌ ያዝኩት። አፉ ክብ የሆነው መሮ ይበቃል የሚሉ ባልደረቦቼ ይህን ድምፅ ቢሰሙ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት በርጩማ ያዘዙኝ እናት መጥተው እግሩን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ልጄ፣ ቫርኒሹ ደርቋል?» አሉኝ። ገና አልቀባሁትም ነበር።