ከጀሞ ገርጂ ልጅ ማመላለስ፦ ትምህርት ቤቱን ወደድነው፣ መንገዱ ግን ጨረሰን

የትምህርት ቤቱን ስም አልጽፍም። ልጄ አሁንም እዚያው ነው የምትማረው፤ ደግሞ የማወራው ቅሬታ የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። ገርጂ አካባቢ ያለ፣ ከነርሰሪ እስከ 8ኛ ክፍል የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ነው እንበልና እንለፈው። እኛ ያኔ ቤታችን በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ጀሞ 2 ነበር። አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ገና እዚህ ጋ ሲደርስ ይስቅብኛል። ይሳቅ፣ አልፈርድበትም።

ለምን እንደመረጥነው ልንገራችሁ። በ2015 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው የተባለ ጊዜ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም 3.3 ነበር። ልጃችን ገና ዩኬጂ ናት፣ 12ኛ ክፍል ለመድረስ ዘመን ይቀራታል፤ ግን ወላጅ ከደነገጠ ደነገጠ ነው። ባለቤቴ «የለበስነውን ሸጠንም ቢሆን ጥሩ ትምህርት ቤት» አለ። እኔም ቢሮ ውስጥ ሦስት ሰው ያነሳልኝን ስም ይዤ ሄድኩ።

የሄድኩት በክረምት፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ስህተቱ የጀመረው እዚያ ጋ ነው። ተማሪ የለም፣ ሰርቪስ የለም፣ ከጀሞ በቀለበት መንገድ ተነስቼ በ35 ደቂቃ ከች አልኩ። ዳይሬክተሯ በፈገግታ አስጎበኙኝ። ክፍሉ ንጹህ፣ ቤተ መጻሕፍቱ እውነተኛ መጽሐፍ ያለበት፣ ግድግዳው ላይ የ8ኛ ክፍል ውጤት በትልቁ ተለጥፏል። አንድ ክፍል ውስጥ 32 ወንበር ቆጠርኩ። ያን ቀን ስለ መንገድ አንድ ጥያቄ እንኳን አልጠየቅኩም። ስለ ዩኒፎርሙ ቀለም ግን ጠይቄያለሁ!

መስከረም ገባ። የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ጀሞ ድረስ እንደማይመጣ የነገሩን ከተመዘገብን በኋላ ነው። ስለዚህ እንደኛ ያበዱ አራት ቤተሰቦች ሆነን አንድ ሚኒባስ ተኮናተርን፣ ለአንድ ልጅ በወር 6,000 ብር። የትምህርት ቤቱ ወርሃዊ ክፍያ 6,500 ነው። ማለትም ለመንገዱ የምንከፍለው ለትምህርቱ ከምንከፍለው ጋር እኩል ለመሆን 500 ብር ነው የቀረው።

ብሩ ይሁን እሺ። ሰዓቱ ነው ጉዱ። ክፍል የሚጀመረው ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ እሷ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ትነሳለች፣ ሚኒባሱ 12 ከ10 ላይ በር ላይ ጥሩንባ ያሰማል። ሀይሌ ጋርመንት፣ ሳሪስ አቦ፣ ቦሌ ሚካኤል፣ ኢምፔሪያል። በካርታ ላይ ስታዩት ቀለበት ነው፣ ያምራል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ግን ሳሪስ አቦ ጋ ሲቆም የሚቆመው አቋቋም ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ጋዜጣ የሚያነብበት ዓይነት ነው። ማታም ያው። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ተለቀው ቤት 11 ሰዓት አልፎ ይገባሉ፣ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ለ12 ሩብ ጉዳይ።

አንድ ቀን ሹፌሩ አሞት ስለቀረ በራይድ እኔው ወሰድኳት። ቆመናል። ምሳ ዕቃዋን ጉልበቷ ላይ አቅፋ ተኝታለች፣ አንድ እግር ጫማዋ ወልቆ ወንበር ሥር ገብቷል፣ ከንፈሯ ላይ ጠዋት በግድ ያጎረስኳት ፍርፍር ደርቋል። ድንገት ነቃችና በመስኮት አይታ «እማዬ፣ እየሄድን ነው ወይስ እየተመለስን?» አለችኝ። የራይዱ ልጅ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

የዚያኑ ቀን ማታ ባለቤቴን «ወይ ትምህርት ቤት እንቀይር ወይ ቤት እንቀይር» አልኩት።

እሱ ቤት መቀየር አልፈለገም፤ የጀሞው ኮንዶሚኒየም ስንት ዓመት ቆጥበን በዕጣ የደረሰን ነው። ልክ ነው። ጀሞን ደግሞ አትስደቡብኝ፣ ለኑሮ ከጀሞ የሚሻል ሰፈር ብዙ አላየሁም፦ ገበያው በር ላይ ነው፣ አትክልቱ ርካሽ ነው፣ ጎረቤት ልጅ ይጠብቅልሃል። ጀሞ የምትኖሩ ከሆነ ለቡ፣ መካኒሳ፣ ቢበዛ ሳር ቤት ድረስ ያሉትን ትምህርት ቤቶች እዩ። ከዚያ አልፋችሁ ከተማውን አቋርጣችሁ አትሂዱ። እኛ ያደረግነው ይህንን ነው፣ ውጤቱን አነበባችሁ።

ትምህርት ቤቱን ለምን አልለቀቅንም? እዚህ ጋ ፍትሃዊ ልሁን፤ ጥሩ ነው። የ1ኛ ክፍል አስተማሪዋ፣ ልጆቹ «ሚስ» የሚሏት፣ ልጄ ምሳዋን ሳትበላ ስትመለስ በሦስተኛው ቀን ራሷ ደወለችልኝ። ለ32 ልጅ ይህን ማስተዋል ቀላል አይደለም። ንባብ ላይ ጎበዞች ናቸው፤ ገና ታኅሣሥ ሳይገባ እንግሊዝኛ የተጻፈበትን የብስኩት ካርቶን ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች። ልጅ መረከቢያ ካርድ ሳታሳዩ ልጅ አይሰጧችሁም፣ የገዛ አያቷን መልሰዋቸዋል። አያቷ ተቀየሙ፣ እኔ ደስ አለኝ።

መጥፎውስ? አማርኛው። «ሀ»ና «ሐ»ን መለየት ቀርቶ ስሟን በአማርኛ ስትጽፍ ትጨነቅ ነበር። 6ኛ ክፍል ላይ የከተማ ፈተና አለ፣ አማርኛም ይፈተናሉ፣ ያኔ ምን ሊሆኑ ነው ብዬ ዩኒት ሊደሩን ስጠይቃቸው «ቤት ውስጥ አግዟት» አሉኝ። ቤት የምትደርሰው ለ12 ሩብ ጉዳይ ነው ጋሼ! ግቢው ደግሞ ሲሚንቶ ነው፣ የዛፍ ጥላ የሚባል የለም፤ ድሮ ቪላ የነበረ ግቢ ላይ ፎቅ ሠርተው የቀረችውን ጠባብ ቦታ «ሜዳ» ይሏታል። ከዚያ የቀለም ቀን፣ የባህል ቀን፣ የወላጅ ቀን፤ ለያንዳንዱ አንድ ልብስና ጥቂት መቶ ብር። ግንቦት ላይ ደግሞ ስለ ክፍያ ጭማሪ ስብሰባ ጠርተውን፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጨቃጭቀን፣ በመጨረሻ «ተስማምተናል» የሚል ወረቀት ላይ ፈረምን። ወላጆች ሆይ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት፤ እኔ የስም መመዝገቢያ መስሎኝ ነበር።

ለማንኛውም ትምህርት ቤቱን ይዘን ቤቱን ለመልቀቅ ወሰንን። የጀሞውን በ18,000 አከራየነው፣ እኛ ቤት ፍለጋ ወደ ምሥራቅ።

መጀመሪያ አያት አየን። ባቡር አለ፣ ሰፊ ነው፣ አየሩም ጥሩ ነው። ቀላል ባቡሩ ከ2008 ጀምሮ ከአያት በሲኤምሲ፣ በጉርድ ሾላ አድርጎ መገናኛን አልፎ ጦር ኃይሎች ድረስ ይሄዳል። ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ጠዋት ባቡሩ ውስጥ አዋቂ ሰው እንኳን ትንፋሽ ያጥረዋል፣ የሰባት ዓመት ልጅማ አይታሰብም። ሁለተኛውን ማንም አይነግራችሁም፦ ሐዲዱ መንገዱን ለሁለት ስለሚከፍለው ትምህርት ቤቱ ማዶ ከሆነ በዓይናችሁ እያያችሁት በመኪና ለመድረስ ቀጣዩ መዞሪያ ድረስ ሄዳችሁ መመለስ አለባችሁ። ሲኤምሲ ላይ ቤት የምትከራዩ ከሆነ ትምህርት ቤታችሁ ያለበትን ጎን ምረጡ። ይህቺ ብቻ በቀን ግማሽ ሰዓት ታተርፋለች።

ቀጥሎ ሰሚት። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ዋጋው ይሻላል፣ በዙሪያው የግል ትምህርት ቤት ሞልቷል፣ እውነቱን ለመናገር ከዜሮ የምጀምር ብሆን ሰሚት ገብቼ እዚያው በእግር የሚደረስ ትምህርት ቤት እፈልግ ነበር። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ሮቶ የሌለው ቤት እንዳትከራዩ። ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ያሉ ዘመዶቻችንም «ኑ፣ በግማሽ ዋጋ ቤት አለ» ብለውን ነበር። ቤቱ በግማሽ ዋጋ ነው፣ መንገዱ ግን በእጥፍ። እዚያ የምትኖሩ ሰዎች ልጆቻችሁን እዚያው አስገቡ፣ ቦሌን እርሱት።

በመጨረሻ ገርጂ አጠገብ፣ ጃክሮስ ሁለት መኝታ በ26,000 አገኘን። ደላላው በስልክ «የስድስት ወር ቅድሚያ ነው እህቴ፣ ሰፈሩ እኮ ጃክሮስ ነው!» አለኝ። የቤት ኪራይ አዋጁ፣ 1320/2016 የሚባለው፣ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይፈቅድም። ውሉም ቢያንስ የሁለት ዓመት ነው፣ ወረዳ ሄዳችሁ ታስመዘግባላችሁ። ይህንን ስነግረው «አይ እህቴ፣ አንቺ ደግሞ ሕግ ታውቂያለሽ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ማታ ባለቤትየው ራሳቸው ደወሉና በሁለት ወር ተስማማን። የሁለት ዓመቱን ነገር አቅልላችሁ አትዩት። ልጅ ትምህርት ቤት አስገብታችሁ በመጋቢት ልቀቁ ብትባሉ ምን ትሆናላችሁ? ውሉ በጽሑፍ ከሆነና ከተመዘገበ እንቅልፍ ትተኛላችሁ።

ሂሳቡን ሠራሁት። በኪራይ ልዩነት በወር 8,000 ብር እንከስራለን። ከሚኒባሱ 6,000 ዳነ። ሹፌሩ በቀረ ቁጥር ለራይድ አወጣው የነበረውም ቀረ፣ እኔ ራሴ ቦሌ ቢሮ ለመድረስ የማወጣው ቀነሰ። በብር ሲታይ እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ ምናልባት ጥቂት እንከስራለን። በሰዓት ግን ልጄ በቀን ሦስት ሰዓት ተመለሰላት። አሁን 1 ሰዓት ላይ ትነሳለች፣ ቁጭ ብላ ቁርስ ትበላለች፣ በእግር ከ20 ደቂቃ በታች ነው። ማታ ከአያቷ ጋር ፊደል ትቆጥራለች። አያቷ ታርቀዋል።

ጉድለት የለውም አልልም። ጃክሮስ ሁሉም ነገር ውድ ነው፤ ቲማቲም ስገዛ ጀሞ ትናፍቀኛለች። የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲመጣና የቦሌ መንገድ ሲዘጋጋ ሰፈሩ ይታፈናል፤ በእግር ለሚሄድ ልጅ ግን ምንም አይደለም። ከቦሌ ኤርፖርት መገናኛ ያለው በኮሪደር ልማቱ የመጀመሪያ ዙር ተሠርቶ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ ወደ ውስጥ ስትገቡ ግን ጭቃውና ድንጋዩ ያው ነው። በዝናብ ቦቲ አስይዙ።

ወንድና ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ ይህችን አስቡባት። ናዝሬት ትምህርት ቤት የሴቶች ነው፣ ቅዱስ ዮሴፍ የወንዶች። ሁለቱም ስመ ጥር ናቸው፣ ብዙ ወላጅ ይመኛቸዋል፤ ነገር ግን አንዱን እዚህ ሌላዋን እዚያ ማድረስ ማለት ጠዋት ሁለት በር ላይ መቆም ማለት ነው። እኛ ትንሹን ወንድሟን ዘንድሮ እሷ ጋ ያስገባነው ለዚህ ነው። እጇን ይዞ ይገባል፣ ቦርሳውን እሷ ትሸከምለታለች፣ እስካሁን አላማረረችም።

ትምህርት ቤት ልታዩ ስትሄዱ እንደኔ ቅዳሜ አትሂዱ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ ትምህርት ባለበት ወር፣ ከምትኖሩበት ቤት ልክ ልጁ በሚወጣበት ሰዓት ተነሱ። ስትደርሱ ዳይሬክተሩ ቢሮ ከመግባታችሁ በፊት በር ላይ ቆማችሁ ልጆቹን እዩአቸው፤ ከሰርቪስ ሲወርዱ የሚሮጡ ናቸው ወይስ የሚጎተቱ? ጥበቃውንም አናግሩ። እኔ ዘግይቼ ያናገርኳቸው ጥበቃ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፣ «እህቴ፣ የሩቅ ልጆችን በአረማመዳቸው ነው የምለያቸው፤ ጠዋት ሲገቡ ጀምሮ የደከማቸው እነሱ ናቸው»። ዳይሬክተሯ ይህንን አልነገሩኝም።

ለትምህርት ቤቱ ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ፤ አማርኛውን ቢያስተካክሉ አራት። ከጀሞ ለሚመጣ ሰው ግን አንድ።

ባለፈው ሳምንት የጀሞው ቤት ተከራያችን ደወለልኝ። ጎረቤት ነግሮት ነው፣ ልጁን እኛ ያስገባንበት ትምህርት ቤት ለማስገባት ፈልጎ ስለ ምዝገባው ጠየቀኝ። «ማክሰኞ ጠዋት 12 ከ10 ላይ ከቤት ውጣና ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ደውልልኝ፣ ሁሉንም እነግርሃለሁ» አልኩት። ማክሰኞ አለፈ። 2 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሚስኮል ነበር፣ መልሼ ስደውል ጥሩንባ ብቻ ነው የሚሰማው።