በቸርችል ጎዳና የሚሰጠው የጀማሪዎች የኪሮሽ ትምህርት

ከዋናው ፖስታ ቤት ወደ ፒያሳ በሚያወጣው ቸርችል ጎዳና ላይ የምትገኝ አንዲት ትንሽ የክር መደብር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኪሮሽ ለጀማሪዎች ታስተምራለች። ክፍያው መርፌውንም ክሩንም ስለሚጨምር ተማሪው ባዶ እጁን መምጣት ይችላል። ክፍሉ ጠባብ ቢሆንም የመስኮቱ ብርሃን ጥሩ ነው።

ሶፋውም ቴሌቪዥኑም ዳንቴል በሚለብስበት ቤት ላደግን ሰዎች ኪሮሽ ሲባል ትዝ የሚለን ቀጭኑ ነጭ ክርና እንደ እሱው የቀጠነ የብረት መርፌ ነው። ብዙ ሰው ጀምሮ የሚተወውም በዚሁ የተነሳ ይመስለኛል፤ በዚያ ቅጥነት የጀማሪ ዓይን መርፌው የት እንደገባ ሊለይ አይችልም። አስተማሪዋ ዳንቴሉን ለኋላ አቆይተው በ5 ሚሊ ሜትር መርፌና በወፍራም ክር ማስጀመራቸው ትልቅ ማስተዋል ነው። ጥቁር ክር የመረጡትንም፣ በመርፌው እየተሳቡ የሚሠሩት የክር ቀለበቶች በጥቁር ላይ እንደማይታዩ አስረድተው፣ በፈካ ቀለም ያስለውጣሉ። ግራኝ ተማሪ ሲገጥማቸው ደግሞ ጎኑ ሳይሆን ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ስለሚያሳዩ እጃቸውን እንደ መስታወት ይከተላል።

ከሁሉ ይበልጥ ያደነቅሁት ግን ስለ ጠርዝ የሚሰጡትን ትምህርት ነው። የጀማሪ አራት ማዕዘን ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እየጠበበ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ የረድፉ የመጨረሻ ቀለበት ሳትታይ ስለምትታለፍ ነው። አስተማሪዋ ይህን በቃል ከመምከር ይልቅ በእያንዳንዱ ረድፍ መጀመሪያ ቀለበት ላይ መርፌ ቁልፍ ያሰካሉ፤ ተማሪው በሚቀጥለው ረድፍ ሲመለስ ያቺ ምልክት ያለባት ቀለበት እስክትሠራ ድረስ ረድፉ እንዳላለቀ ያውቃል። በየቀለበቱ አናት ላይ ጎን ለጎን የተኙትን ሁለት ክሮችም በጣታቸው ለይተው ያሳያሉ፤ መርፌው ከሁለቱም ሥር መግባት አለበት፤ አንዱን ብቻ ካነሳ ሥራው ላይ ያልታሰበ መስመር ይወጣል። ይህን ያህል ታግሶ የሚያሳይ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሁለት ነገሮች ግን ሊታረሙ ይገባል። የመጀመሪያው ሥራ የጀበና ማስቀመጫ ሆኖ ሳለ የሚታደለው ክር አክሪሊክ ነው። አክሪሊክ ለልምምድ የሚመች ርካሽና ለስላሳ ክር ቢሆንም ሙቀት ያበላሸዋል፤ ከምድጃ የወረደ ጀበና የሚቀመጥበት ነገር ከጥጥ ክር መሠራት አለበት። ወይ ክሩ ወይ ሥራው ይለወጥ።

ሁለተኛው ደግሞ መደብሯ ትልልቁን ልቃቂት ከፍላ በትንንሹ እያጠነጠነች ስትሸጥ በልቃቂቱ ላይ ተጠቅልሎ የሚመጣው ወረቀት አብሮ አለመሰጠቱ ነው። በዚያ ወረቀት ላይ የክሩ ዓይነት፣ የሚስማማው የመርፌ መጠንና በአንድ ጊዜ አብረው የተቀለሙትን ልቃቂቶች የሚለይ ቁጥር ይጻፋል። ቁጥሩ የተለያየ ከሆነ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ልቃቂቶች ተሠርተው ጎን ለጎን ሲታዩ ቀለማቸው ሊለያይ ይችላል። ለጀበና ማስቀመጫ ይህ ብዙም አያስጨንቅም፤ ሻል ወይም የሕፃን ብርድ ልብስ የሚያስብ ሰው ግን ያልተከፈለውን ልቃቂት ከነወረቀቱ ጠይቆ ለሥራው የሚበቃውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይግዛ።