ተርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢ፦ ክረምትና በጋ አዲስ አበባ ላይ ከሠራ በኋላ

ኮምፒውተሬ ቀን ቪዲዮ ያቀናብራል፣ ማታ ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም ሬንደር ሲያደርግ (ምስሉን አስልቶ ሲያወጣ) ያድራል። ሲፒዩው (ዋናው ስሌት ሠሪ ቺፕ) ራይዘን 7 5800ኤክስ ነው። ይሄ ሲፒዩ ከነማቀዝቀዣው አይሸጥም፤ የግድ ለብቻ መግዛት አለባችሁ። እኔ ከዱባይ በሰው ያስመጣሁት ተርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢን ነው። ስድስት የሙቀት ቱቦና ሁለት ፋን ያለው፣ ግዙፍ የአየር ማቀዝቀዣ ነው። ክረምቱንም በጋውንም አሳልፌበታለሁ። አፌን ሞልቼ ጥሩ ነው እላለሁ። ግን አዲስ አበባ ላይ ብቻውን አይበቃም።

አምራቹ ኤኤምዲ ለ5800ኤክስ ያስቀመጠው የሙቀት ጣሪያ 90 ዲግሪ ነው። እዚያ ሲደርስ አይቃጠልም፤ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በፊት የነበረኝ ትንሽ ማቀዝቀዣ ሬንደር በተጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ 90 ይገባ ነበር። አሁን ረጅም ሬንደር ላይ ከ80 እስከ 84 ይመላለሳል። ብዙ ሰው 80ን ሲያይ ይደነግጣል። አትደንግጡ። የ5800ኤክስ ስምንቱም ኮሮች (ሥራውን የሚካፈሉት ክፍሎች) የተቀመጡት አንዲት ትንሽ ቺፕ ላይ ነው፤ ሙቀቱ ከጠባብ ቦታ ስለሚወጣ ትልቅ ማቀዝቀዣም ይቸገራል። ራይዘን 7000ዎቹማ እስከ 95 ድረስ እንዲሠሩ ታስበው የተሠሩ ናቸው። የቅርቦቹ የኢንቴል ኮር ሲፒዩዎች ጣሪያ ደግሞ 100 አካባቢ ነው።

ዩቲዩብ ላይ የምታዩት ውጤት ከእናንተ በጥቂት ዲግሪ ቢሻል አይግረማችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በእኩል ሙቀት ብናወዳድር፣ አየራችን ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በሩብ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በደቂቃ የሚያንቀሳቅሰው የአየር ይዘት ያው ነው፤ ክብደቱ ግን ያንሳል፣ ተሸክሞ የሚያወጣውም ሙቀት ያንሳል። ደግነቱ ከተማችን ቀዝቃዛ ናት፣ ክፍሌ ከ24 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ያላችሁ ግን የክፍላችሁን ሙቀት ጨምራችሁ አስቡ፤ ክፍሉ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ሲፒዩውም በዚያው ልክ ይጨምራል።

ትልቁን ለውጥ ያየሁት ኬዙን (የኮምፒውተሩን ሣጥን) ስቀይር ነው። የድሮው ፊቱ ድፍን መስታወት ነበር፣ ሲፒዩው 88 ይነካ ነበር። ፊቱ ወንፊት የሆነ ኬዝ ገዛሁ፤ ሁለት ፋን ከፊት ያስገባሉ፣ አንዱ ከኋላ ያስወጣል። የሚገባው ከሚወጣው ሲበልጥ አየሩ በየቀዳዳው ወደ ውጭ ይገፋል። ስለዚህ አቧራው የሚገባው በአብዛኛው በማጣሪያው በኩል ነው። በበጋ፣ ሰፈሩ ውስጥ ግንባታ ሲኖር፣ ማጣሪያውን ሳወጣው አቧራው እንደ ባዘቶ ተጋግሮ ይመጣል። በውኃ አጥቤ፣ በደንብ አድርቄ እመልሰዋለሁ። የማቀዝቀዣውን ክንፎች በለስላሳ ብሩሽ አጸዳለሁ። በንፋሽ የምታጸዱ ከሆነ ፋኑን በጣት ያዙት፤ ያለቅጥ እንዲሽከረከር አትተዉት።

ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ኢኮ ሞድ የሚባለውን ሳትሞክሩ አትለፉ። የ5800ኤክስን የኃይል ጣሪያ ከ142 ዋት ወደ 88 ያወርደዋል። የእኔ ሙቀት 60ዎቹ መጀመሪያ ላይ ገባ፣ ሬንደሩ የዘገየው ግን ትንሽ ነው። መብራት ሲሄድም ዩፒኤሱ (መጠባበቂያ ባትሪው) ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል። ማታ ማታ የምሠራው በዚህ ነው፤ ፋኑም ቤተሰብ አይቀሰቅስም።

ፋይል የሚቀመጥበትን ኤስኤስዲም እዩት፤ ኤንቪኤምኢ የሚባሉት የብዙዎቹ ፈጣን ኤስኤስዲዎች ጣሪያ 70 ዲግሪ ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ የሚቀመጡት ግራፊክስ ካርዱ ሥር ወይም አጠገብ ነው።

ለመግዛት ካሰባችሁ መጀመሪያ ኬዛችሁን ለኩ፤ የማቀዝቀዣው ቁመት 155 ሚሊ ሜትር ነው። ራማችሁ (ከሲፒዩው ጎን የሚሰካው ሜሞሪ) ረጅም ከሆነ የፊቱን ፋን ከፍ ማድረግ ስለሚያስፈልግ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ኤኤም4 ማዘርቦርድ (ይሄ ሲፒዩ የሚሰካበት ዋና ሰሌዳ) ላይ ስትገጥሙ የፕላስቲኩን መያዣ ከመፍታታችሁ በፊት ከጀርባ ያለውን ብረት በእጅ ደግፉት፤ ብሎኖቹ ሲወጡ ይወድቃል። ስትነቅሉት ደግሞ ማሽኑን ጥቂት አሠርታችሁ በሲፒዩውና በማቀዝቀዣው መካከል የተቀባው ተርማል ፔስት ይሙቅ፤ አጥፉት፣ ከሶኬት ንቀሉት። ብሎኑን ፈትታችሁ ማቀዝቀዣውን ቀኝና ግራ እያዞራችሁ አላቁት። ቀጥ አድርጋችሁ ከሳባችሁት ሲፒዩው አብሮ ተነቅሎ ሊመጣና እግሮቹ ሊጣመሙ ይችላሉ።